ጥላው ሲዞር አብረው የሚዞሩት

 

ትናንት እኩለ ቀን ላይ እዚሁ መርሳ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡ እናቶች ከአንድ ዛፍ ሥር ጆንያቸውን ዘርግተዋል። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ጆንያው ያው፣ ቲማቲሙ ያው፤ ቦታው ግን አራት አምስት እርምጃ ፈቀቅ ብሏል። ጥላው ዞሯል፣ እነሱም አብረው ዞረዋል። ባጃጆቹም ከዚያው ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። ያን ሁሉ ሰው የያዘው አንድ ዛፍ ነው።

ወልድያ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርደን መርሳ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,600 ይጠጋል፤ ለዚህ ነው ሙቀቱ እዚህ የሚጠናው። አስፋልቱ ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይተፋብናል። ትልቅ ዛፍ ፀሐዩን መሬት ሳይደርስ ይይዘዋል፤ ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ሲያተን አካባቢውን ያቀዘቅዛል። ከዋርካ ሥር ገብቶ እፎይ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ባህር ዛፍ ይህን ያህል ጥላ አይሰጠንም፤ ቅጠሉ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ብርሃኑን ያሳልፈዋል።

መትከል አላቃተንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። እኛም ክረምት በመጣ ቁጥር አካፋ ይዘን እንወጣለን። እኔን የሚያሳስበኝ ግንቦት ነው። ሐምሌ የተከልነውን ግንቦት ላይ ማን ያጠጣዋል?

እኔ ራሴ ከተከልኳቸው አንድ የዋንዛ ችግኝ ደረቀብኝ። ነቅዬ ሳየው የችግኙ ፕላስቲክ ከነሥሩ አብሮ ተቀብሯል፤ ሥሩ መውጫ አጥቶ እንደ ድር ልቃቂት በራሱ ላይ ተጠምጥሟል። ውኃ አጥቶ አይደለም የሞተው፣ እጄ ላይ ነው የሞተው። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት፤ የተጠማዘዘ ሥር ካለ አፍታቱት ወይም ቁረጡት። አንገቱን አፈር አታልብሱት። በየቀኑ አንድ ኩባያ ከማፍሰስ በሳምንት አንድ ጀሪካን ቀስ አድርጎ ማስጠጣት ይሻላል፤ ውኃው ጠለቅ ሲል ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። ፍየል ካለች በእሾህ እጠሩት። ይህን ሦስት በጋ ከተሸከምንለት ከዚያ ወዲያ ራሱን ይችላል።

የቆሙትን ትልልቅ ዛፎች ግን ከችግኝ በላይ እሳሳላቸዋለሁ። በወረዳችን በሀብሩ ውስጥ ስትሄዱ ትልልቅ አገር በቀል ዛፍ የምታገኙት በብዛት የት ነው? ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መስጊድ ዙሪያ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዋርካ ሥር። ሰው ስለፈራቸውና ስላከበራቸው ነው እዚህ የደረሱት። ከተማ ውስጥ ያለው ዛፍ እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። በማውቀው አንድ ሰፈር ቧንቧ ለመቅበር ቦይ ሲቆፈር የአንድ ትልቅ ሾላ ሥር በአንድ ጎኑ ሙሉ በሙሉ ተቆረጠ። ዛፉ ለጊዜው ምንም አልሆነም፤ ሁለተኛው ክረምት ላይ ግን ነፋስ ገፍቶ ጣለው። የዛፍ ሥር እንደምናስበው ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ አብዛኛው ከመሬቱ ገጽ ብዙም ሳይርቅ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። ስለዚህ ሲሚንቶ ግንዱ ድረስ አታድርሱ፣ አፈሩ ይተንፍስ። አናቱንም አትቁረጡት፤ ቁስሉ ይበሰብስና የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ በደንብ ስለማይያያዝ ውሎ አድሮ ይገነጠላል።

ቦታም አስቡበት። ዋርካና ሾላ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋሉ፤ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ይሁንላቸው እንጂ ከቤት ግድግዳ አጠገብ አትትከሏቸው፣ ሥራቸው መሠረት ያነቃንቃል። ለመንገድ ዳር ዋንዛ ይመቸኛል፤ ነጭ አበባው ለንብም ሲሳይ ነው። ወይራ ይዘገያል፣ የሚታገሰው ካለ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከመብራት ሽቦ ሥር አጫጭሩን ትከሉ። ማወቅ የሚፈልግ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ሀብሩ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባለ ሱቆች፣ ከበራችሁ ፊት ላለው ዛፍ ወይም ችግኝ ስማችሁን እዚህ መዝገብ ላይ አስፍሩ። የባጃጅ ልጆች፣ በየተራ አንድ አንድ ጀሪካን ውኃ ጫኑ። ሥር የሚነካ ቁፋሮ ያየ ሰው ዶማው ሳይወርድ ለቀበሌው ይናገር። ጥር ላይ እዚሁ እንገናኝና መዝገቡን ይዘን ዛፎቹን አንድ በአንድ እንዞራለን።