ቆዳ ራሱ ይመስክር፦ የልጥፍ ምርመራ ታሪክ



እሸት ቡና ተፈልፍሎ በውሃ ሲታጠብ፣ ከዚያም የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲለቀም የእጅ ቆዳ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ የአሪቻ ቡና ማጠቢያ ሠራተኞች ታውቃላችሁ። በጣት መሐል ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል፣ አልፎ አልፎም ውሃ ይቋጥራል። አንዱ ምች ነው ይላል፤ ሌላው ጭርት ነው ብሎ ከሱቅ ቅባት ይገዛል። ከዚህ ግምት የሚያወጣ የልጥፍ ምርመራ የሚባል አንድ ምርመራ አለ፤ ዛሬ የማወጋችሁ የእሱን ታሪክ ነው። የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አፄ ምኒልክ የአድዋን ክተት ባወጁበት በመስከረም 1888 ዓ.ም.፣ በዚያው ወር፣ ዮሴፍ ያዳሶን የተባለ የቆዳ ሐኪም ኦስትሪያ ውስጥ ግራትስ ከተማ በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ቆመ። በሜርኩሪ መድኃኒት ታክመው ቆዳቸው የተቆጣ ታማሚዎች ገጥመውት ነበር። ሜርኩሪ ያለበትን ፕላስተር ጤነኛ በሆነው ቆዳቸው ላይ ለጥፎ ጠበቀ፤ ከፕላስተሩ ሥር ያው ቁጣ ተነሣ። ጥፋተኛው መድኃኒቱ ራሱ መሆኑን ቆዳው መሰከረ። ያዳሶን በብሬስላው ከተማ የአልበርት ናይሰር ረዳት ነበር። ናይሰር ደግሞ የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ማን አገኘ በሚለው ጉዳይ ከኖርዌዩ ሐኪም ከአርማወር ሐንሰን ጋር የተከራከረው ነው። የሐንሰን ስም ዛሬ አዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ባለው የምርምር ተቋም ላይ ይጠራል።

ከያዳሶን በኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ ብሩኖ ብሎክ ዘዴውን አስፋፋ። በ1939 ፖል ቦንቪ ኮፐንሃገን ውስጥ ለሁሉም ታማሚ በአንድ ዓይነት የሚሞከሩ ንጥረ ነገሮችን ዝርዝር አሳተመ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሐኪሙ በጠረጠረው ብቻ ሳይወሰን ያልጠረጠረውንም እንዲጠይቅ አስገደደው። በ1942 ላንድስታይነርና ቼዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ዓይነቱ ቁጣ ከአንድ ጊኒ ፒግ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በደም ውሃ ሳይሆን በሕዋሳት መሆኑን አሳዩ። ቁጣው ቀናት የሚወስደውም ለዚህ ነው። የቲቢ የቆዳ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ተጠብቆ የሚነበብበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አሠራሩን በቅርብ እንየው። ጀርባ ላይ ከላይ በኩል፣ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ትናንሽ የአሉሚኒየም ስኒዎች በፕላስተር ይለጠፋሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ በቫዝሊን የተለወሰ ጥቂት ነገር አለ፦ ኒኬል፣ በሲሚንቶና በቆዳ ፋብሪካ የሚገኘው ክሮም፣ የጎማ ማጠንከሪያዎች፣ ሽቶ፣ የጸጉር ቀለም ውስጥ የሚገባው ፓራፌኒሊን ዳያሚን። ታማሚው ሁለት ቀን ጀርባውን ውሃ ሳያስነካና ሳያልበው ይቆያል። ከዚያ ፕላስተሩ ተነሥቶ፣ ቦታው በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበት ይነበባል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ዳግመኛ። የመጀመሪያውን ንባብ ብቻ አይቶ ታማሚውን ማሰናበት ስሕተት ነው፤ ዘግይቶ የሚወጣ ቁጣ ብዙ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የመማሪያ መጻሕፍቱ የቁጣ ምልክት ብለው በቀዳሚነት የሚጽፉት መቅላትን ነው። በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ሐኪሙ ዓይኑን ብቻ ማመን የለበትም፤ ቦታው ማበጡንና መጠንከሩን በጣቱ መዳሰስ አለበት።

ዘዴው ወደ አገራችንም ገብቷል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ኢትዮጵያውያን የቆዳ ሐኪሞች ከውጭ ባልደረባቸው ጋር፣ በአውሮፓ መደበኛ ዝርዝር የተመረመሩ 514 ታማሚዎችን ውጤት አሳተሙ። ከሁሉ በላይ ቁጣ ያስነሣው ኒኬል ነበር፤ በርካሽ ጉትቻ፣ በሰዓት ማሰሪያና በሱሪ ቁልፍ ያለው ብረት። ዴንማርክ ከ1990 ጀምሮ ከጌጣጌጥ የሚወጣውን ኒኬል በሕግ ገደበች፤ ከዚያ በኋላ ጆሯቸውን የተበሱ ልጃገረዶች ላይ አለርጂው ቀንሶ ታየ። ምርመራ ሕግ እስከማውጣት ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው።

ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ልመለስ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚውል እጅ አለርጂ ሳይኖረውም ሊላጥ ይችላል፤ ውሃው፣ ሳሙናውና የቡናው ሙጫ ብቻ ይበቁታል። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው የጎማ ጓንት ቢያደርግ ይጠቀማል። በጎማው ማጠንከሪያ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ያንኑ ጓንት ሲያጠልቅ ይብስበታል። ሁለቱ እጆች ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። የሚለያቸው ይህ ምርመራ ነው። ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ቅባት ለጊዜው ሁለቱንም ያስታግሳል፤ መንስኤው ሳይታወቅ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ እጃችሁ ሲቆጣ የነካችሁትን ሁሉ፣ ጓንቱን፣ ሳሙናውን፣ ጌጡን ጽፋችሁ ያዙ፤ ሥራ ስታቆሙ ይሻላችሁ እንደሆነም አስተውሉ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ያንን አሳዩ፤ ካልተሻላችሁም ወደ ቆዳ ሐኪም ሪፈር ጠይቁ። የጤና ባለሙያዎችና የዲላ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ ይህ ምርመራ ለጌዴኦ ቡና ሠራተኛ በቅርብ እንዲደርሰው ግፉበት።