የጋሪያችሁ ጎማ ሲጮህ

የዛሬው ንግግራችን ለጋሪ ባለቤቶችና ለጋሪ ነጂዎች ነው። ያልሰማ ያንብበው፤ ያነበበ ለጎረቤቱ ይንገረው።

ከዱርቤቴ ወደ ወተት አባይ እህል ጭነን ስንሄድ ጎማው ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ጀመረ እንበል። አንዳንዱ ሰው «ፈረሱ ለገመ» ብሎ ጅራፍ ያነሣል። ፈረሱ ግን አልለገመም። የታመመው ኩሽኔታው ነው።

ኩሽኔታ ምንድን ነው? ሁለት የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ትናንሽ የብረት ኳሶች አሉ። ኳሶቹ ስለሚንከባለሉ ጎማው ቀልሎ ይዞራል። ግራሶው ካለቀ ወይም ውኃና ጭቃ ከገባ ግን ብረት ብረትን ይበላል። ኩሽኔታው ይሰበርና ጎማው ይወልቃል። እህሉ ይደፋል፤ ፈረሱም ሰውም ይጎዳል።

ስለዚህ ሳይሰበር መርምሩት። በክረምት ወንዝና ጭቃ የሚሻገር ጋሪ ቶሎ ቶሎ ይታይ። መጀመሪያ ፈረሱን ፍቱ። ጋሪውን አንሥታችሁ በግንድ አስደግፉ። ጎማውን በእጅ አዙሩት። ይንኳኳል? ያዝ ለቀቅ ያደርጋል? ላይና ታቹን ይዛችሁ ስትነቀንቁት ይወዛወዛል? እንግዲያው ይፈታ።

የወጣውን ኩሽኔታ ከእሳት ርቃችሁ በነጭ ጋዝ እጠቡ፤ አድርቁት። ኳሶቹና ቀለበቶቹ ካልተቦረቦሩና ካልዛጉ አዲስ ግራሶ በመዳፋችሁ እየጫናችሁ አስገቡበት። ከተቦረቦሩ ግን ግራሶ አያድናቸውም፤ ለውጡት። አዲሱን ወደ ጎማው ስታስገቡ የውጭኛውን ቀለበት ብቻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱ። የውስጠኛውን ብትመቱ ኳሶቹ ይጎዳሉ።

ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በቀለበቱ ጎን ቁጥር ተቀርጿል። 6205 ይላል እንበል። በእንዲህ ያለው የተለመደ ቁጥር የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች፣ 05ን፣ በ5 ስናባዛ 25 ይሆናል። የውስጡ ቀዳዳ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የ6204 ቀዳዳ ግን 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘንጋችሁ አይገባበትም። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ወደ ባሕር ዳር ብትልኩ መለዋወጫ ሻጩ ልኩን ይሰጣችኋል። ቁጥሩን ያልያዘ ሰው የማይሆነውን ገዝቶ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

እስቲ ለልምምድ፦ የ6206 ቀዳዳ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ደብተራችሁ ላይ ሥሩት። ጎማውን በፈታችሁ ጊዜም የራሳችሁን ቁጥር አንብባችሁ እዚያው ጻፉት። ደኅና ሁኑ!