ከቆራሌው እስከ ፑቤል
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ታላቅ በዓል ስለ ሰልባጅ ልናወራ መነሣታችን ፈገግ እንዳሰኛችሁ እናያለን። ለመሆኑ ጅቡቲ ስንገባ የመጀመሪያ ፍራሻችንን አዲስ የገዛን ስንቶቻችን ነን?

ከአገር ቤት እንጀምር። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ ያልሰማ የለም። «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት አጥሮ የቀረ ነው ይባላል። ቆራሌው ጆንያውን ተሸክሞ ጠርሙስ፣ ጣሳና ውዳቂ ብረት ይገዛል። ልዋጩ ግን ገንዘብ አያወጣም፤ አሮጌ ኮትና ጫማ ወስዶ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። እናቶቻችን በአንድ ኮት ግማሽ ቀን ይከራከሩት ነበር። ከተለቀመው ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ በርባሶ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ሙያ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1883 ኤዤን ፑቤል የተባሉ የፓሪስ ሹም እያንዳንዱ ቤት ቆሻሻውን ክዳን ባለው ዕቃ እንዲያወጣ አዘዙ። ጨርቅ ለቃሚዎቹ እንጀራችን ተዘጋ ብለው ጮኹ። ብዙዎቹ ከከተማው ቅጥር ውጭ ሳንቱዋን ላይ ዕቃቸውን መሬት ዘርግተው ይሸጡ ነበር፤ ቦታውም «የቁንጫ ገበያ» ተባለ። ልጆቻችን «ፑቤል» የሚሉት የቆሻሻ መጣያ ስሙን ያገኘው ከእኚሁ ሹም ነው።

የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጅቡቲ ወደብ የወረደው ጨርቅም መንገድ አገኘ። በኋላ የቦንዳ ልብስ ከዚህ ወደ ድሬዳዋ እየጫኑ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ፍተሻው ሲደርስ ሦስት ቀሚስ ደርበው የሚለብሱ ነበሩ፤ ያውም በአርባ ዲግሪ ሙቀት!

ዛሬ ልጆቻችን ሰልባጅ መልበስ ያሳፍራቸዋል። አንፈርድባቸውም፤ ይህን ታሪክ ያልነገርናቸው እኛው ነን።

ወደ የመን ለመሻገር በታጁራና በኦቦክ መንገድ በእግራቸው የሚጓዙ ወገኖቻችንን ብዙዎቻችን አይተናል። ጫማቸው አልቆ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ አሉ። እንግዲህ ቤታችሁን ስታጸዱ ከፑቤሉ በፊት ማኅበሩን አስቡ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢው ክፍት ነው። ልብሱ ታጥቦ ይምጣ፤ ጫማውም፣ እባካችሁ፣ ጥንድ ይሁን።