ታምቡር ሲነክስ፦ የአሮጌ መኪናን የኋላ ፍሬን በቤት ስለ መለወጥ



በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ጠርዙ የተሰበረ ብረት የቶዮታ ኮሮላ የኋላ ታምቡር ነው። የሰበርሁት እኔ ነኝ። መኪናዪቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራች ስትሆን፣ ክረምቱን ሙሉ የእጅ ፍሬኗ እንደ ተሳበ በግቢዬ ቆማ ከረመች። በመስከረም ላንቀሳቅሳት ብል የኋላ ግራ ጎማዋ አልዞር አለ። ጎማውን ፈትቼ የታምቡሩን ጠርዝ ከጀርባ በመዶሻ መታሁ። ታምቡር ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስስ ብረት ይሠራል፤ ይህ ብረት ሲጨመቅ ብርቱ፣ ሲለጠጥ ደካማ ነው። ይህንን በየዓመቱ በክፍል የማስተምር ሰው መሆኔን ልብ በሉልኝ።

ስሕተቴ የጀመረው ግን ከመዶሻው በፊት ነው። «ነክሷል» ስንል ሦስት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆም ጎማው ጨርሶ ካልዞረ፣ ሸራው ከታምቡሩ የውስጥ ገጽ ጋር በዝገት ተጣብቋል፣ ወይም የእጅ ፍሬኑ ገመድ በሽፋኑ ውስጥ ዝጎ አልመለስ ብሏል። እየዞረ ነገር ግን ታምቡሩ አልወጣ ካለ፣ የመካከል ቀዳዳው ጎማው በሚታሰርበት እምብርት ላይ ዝጓል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ወጥቶ ከቆመ ደግሞ ሸራው ታምቡሩን ስለ በላው በጠርዙ ላይ የቀረው ከንፈር ሸራውን ይዞታል ማለት ነው። ዝገት ከተገኘበት ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ፣ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሲፈጠር እንደ ሽብልቅ ያጠብቃል።

የእኔው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ጨርሶ ማላላት፣ ጎማውን መልሶ ማሰር፣ ከዚያም ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ። የጎማው ሬዲየስ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የታምቡሩ የውስጥ ሬዲየስ 10 ገደማ ነውና እጃችን የሚያሳርፈው ኃይል በሸራው ላይ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ጊዜ መኪናዋን የሚይዝ የእጅ ፍሬን ስለማይኖር የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ያስፈልጋቸዋል፤ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ደግሞ ማንም አይግባ።

ለሁለተኛው ዓይነት አምራቹ ራሱ መፍትሔ አስቀምጧል። በብዙ የቶዮታ ታምቡሮች ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች በየተራ በግማሽ ዙር ሲጠብቁ ታምቡሩን ገፍተው ያወጡታል። ማሞቅም ይረዳል፤ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ የዝገቱን ቅርፊት ለመስበር ይበቃል። ለሦስተኛው በጀርባው ሳህን ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብቶ የማስተካከያውን ጥርሳም ክብ ማላላት ነው። (ካቻቪቴ፣ ክሪክ፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ታምቡር፤ የጋራዥ አማርኛችን ምን ያህል ጣልያንኛ እንደ ሆነ ራሱን የቻለ ንግግር ይወጣዋል።)

ታምቡሩ ሲወጣ የምታዩትን ጥቁር አቧራ እባካችሁ በአፍም በኮምፕረሰርም አትንፉት። የአሮጌ መኪኖች ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ አስቤስቶስም ከብዙ ዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁንም በላስቲክ አስሮ መጣል ይገባል። ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይህን አቧራ የሚነፉ ወጣቶችን ባየሁ ቁጥር ስለ ታምቡሬ መሰበር ማዘኔ ያሳፍረኛል።

ሸራውን በሁለቱም ጎን መለወጥ ግድ ነው፤ አለዚያ መኪናዋ ስትያዝ ወደ አንድ ወገን ትስባለች። ነገር ግን ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ አትፍቱ፤ የሞላዎቹን አቀማመጥ ስትረሱ ያልተፈታው ወገን ያስታውሳችኋል። የግራና የቀኝ ማስተካከያዎች ጥርሳቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር ሊሆን ስለሚችል አይቀላቀሉ። የሲሊንደሩ ጎማ ካፈሰሰ ሲሊንደሩ ይለወጥ፤ የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ቦታ መጨመር ግን ጎማውን አሳብጦ ፍሬኑን በሙሉ ያበላሻል።

ሌላ ታምቡር ገዝቼ ሥራውን ጨርሼ ሞተር ላስነሣ ስል አንድ ጎረቤቴ፣ አረጋዊ መካኒክ፣ በአጥር በኩል «ዶክተር፣ ፔዳሉን ረገጡት?» አሉኝ። ረገጥሁት፤ መሬት ነካ። ከግቢያችን በር ወደ አስፋልቱ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። «ደጋግመው ይርገጡት» አሉኝ፤ በሦስተኛው ከፍ ብሎ ጠነከረ። «እንደ ስፖንጅ ቢሆንብዎ አየር ነበር። ይህ ግን ሸራው ከታምቡሩ ርቆ ነው። ይፍቱትና ያቅርቡት፤ ሲያዞሩት በጥቂቱ የሚሻሽ ድምፅ እስኪሰማ።»

ታምቡሩን እንደገና አወጣሁ። አሁን ወደ ጠረጴዛው ቀርባችሁ የስብራቱን ገጽ ተመልከቱ፤ ጥያቄያችሁንም እዚያው እቀበላለሁ።