የኢዛና መነጽር
(በዳግም መገናኛ ዝግጅታችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከጡረታ በኋላ ምን እየሠራህ እንደሆነ በአጭሩ ንገረን» አሉኝ። እኔማ ማታ ማታ ጎልማሶች አስተምራለሁ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጠመኔ የጨበጣችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ «የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ዛሬ አዲስ አበባ ቢመጣ ምን ይገጥመዋል?» አስቀድሜም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደነገሠ፣ በሳንቲሙ ላይ የጨረቃውን ምልክት በመስቀል እንደተካ፣ ድሉንም በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደል ድንጋይ ላይ እንዳስቀረጸ ነገርኳቸው።

አንድ የታክሲ ረዳት ንጉሡን ከሜክሲኮ አሳፈረው። የወርቅ ሳንቲም ሲዘረጋለት «ፋዘር፣ ዝርዝር የለም?» አለው። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ግን ባንክ ወሰዱት። ወረፋ ጠበቀ። መታወቂያ ሲጠየቅ ሳንቲሙን አውጥቶ «መልኬ ይኸው» አለ። ልጅቷ «ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም። ለማንኛውም ቅጹን ይሙሉ» አለችው። ንጉሡ ቅጹን አየ። ፊደሉን ያውቀዋል፤ የሚለው ግን አይገባውም። እጁ ተንቀጠቀጠ። «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

እኔም በቀይ እስክሪብቶ «በአክሱም ዘመን መነጽር የለም፤ ንጉሥም ወረፋ አይጠብቅም» ብዬ ጻፍኩባቸው።

በማግስቱ ደብተሩን ይዘው መጡ። «መምህር፣ መነጽሩ የእኔ ነው» አሉኝ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በሄድኩበት ሁሉ እንደዚያ እያልኩ ነው የተመለስኩት። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። እኔ ስለው አፍራለሁ፤ ንጉሥ ሲለው ግን ማን ይስቅበታል?»

መልስ አጣሁ። ጽሑፌን በላጲስ ለማጥፋት ሞከርኩ፤ ቀይ እስክሪብቶ ለካ አይጠፋም። ከሥሩ «ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸውም እዚያው ፊቴ ቆመው፣ ቃሉን ፊደል በፊደል አነበቡት።

ወገኖቼ፣ ተማሪዎቹ ከሠላሳ በላይ ናቸው፤ መምህራኑ ሁለት ነን። በሳምንት አንድ ማታ መስጠት የምትችሉ ከምሳ በኋላ አናግሩኝ። እኚያ እናት ዘንድሮ የባንኩን ቅጽ ራሳቸው ሞልተዋል፤ የአያታቸውን ስም ሳይቀር።