ለመሰበር የሚሠራ መጫወቻ

መሐንዲስ የሠራው ነገር ሳይሰበር ብዙ ዘመን እንዲያገለግል ይመኛል። ለበቀቀን መጫወቻ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ልማድ መተው ይኖርበታል። በቀቀን በዱር ሳለች የቀኑን ብዙ ሰዓት ምግብ በመፈለግ፣ ቅርፊት በመፈልፈልና እንጨት በማኘክ ታሳልፋለች፤ በሽቦ ቤት ውስጥ ግን የቀረበላትን እህል ባጭር ጊዜ ጨርሳ ሥራ ትፈታለች። ሥራ የፈታ ምንቃር ደግሞ ወደ ገዛ ላባዋ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ምግባቸውን ፈልፍለው የሚያገኙበትና የሚጫወቱበት ነገር የተሰጣቸው ወጣት የአማዞን በቀቀኖች ላባቸውን መንቀል ቀንሰዋል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ጥቂት የሱፍ ፍሬ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ በካርቶን ቱቦ ውስጥ መወተፍ ይበቃል። ቀለም የበዛበት ወረቀት፣ ዚንክ የተቀባ ሽቦና ጣት የሚያንቅ ክር ግን ከቶ አይግቡ።

በቀቀን አዲስ ነገር ትፈራለች። ስለዚህ መጫወቻው በመጀመሪያ ከቤቷ ውጭ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ባለቤቱም እርሷ እያየች ይጫወትበት። (ይህን ማድረግ የሚያፍር ሰው ወፍ ባያሳድግ ይሻለዋል።) የመጀመሪያው ጥቅል ላላ ያለ፣ ፍሬውም የሚታይ ይሁን፤ ቀስ በቀስ ይጥበቅ። በማግስቱ ወለሉ ላይ የተቦጫጨቀ ወረቀት ከተገኘ መጫወቻው ሥራውን ፈጽሟል፤ ሌላ ይጠቅለል።