የዋሻው ቀለም

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ሆዳን ውስጥ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ቅርስ እንድናገር ሲጠይቀኝ ብዙዎቻችሁ ላሊበላን ወይም አክሱምን የማነሣ መስሏችሁ ይሆናል። እነሱስ ተናጋሪ አላጡም። እኔ የማነሣው በባቡር መንገዳችን ላይ ያሉትን፣ ስንቴ አልፈናቸው ስንሄድ ዞር ብለን ያላየናቸውን የድሬዳዋን ዋሻዎች ነው። ትምህርቴ እስከ 12ኛ ክፍል፣ ሥራዬም ቀለምና ምስማር መሸጥ ስለሆነ ነገሩን በቀለም ሻጭ ዓይን ብመለከተው አትፍረዱብኝ።

እዚህ ሆዳን ቤት ያስቀባ ሁሉ ያውቀዋል። ከምሲን ሁለት በጋ ከመታው በውድ የተገዛ ቀለም ይገረጣል፣ ይላጣል። ደንበኛውም መጥቶ የሚቆጣው እኔን ነው! የለገ ኦዳ ቀለም ግን በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታትን አሳልፏል።

ለገ ኦዳ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስሙ በኦሮምኛ የኦዳ ዛፍ ያለበት ወንዝ እንደማለት ነው። ዋሻ ይባል እንጂ ዐለቱ እንደ በረንዳ ጣሪያ ወጣ ያለበት መጠለያ ነው። በቀይ፣ በቡናማ፣ በጥቁርና በነጭ የተሣሉ ከብቶች፣ በጎችና ሰዎች አሉበት። ከብቶቹን ልብ ብሎ ላየ ሻኛ የላቸውም። ዛሬ በሐረርጌ ገበያ ሻኛ የሌለው በሬ ፈልጉ እስቲ! አጥኚዎች እንደሚሉት ሻኛ ያለው ከብት በአካባቢያችን ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩ ከብቶች ናቸው። እንግዲህ የዚያ ዘመን እረኛ የራሱን ከብት ሥሎ ትቶልናል።

ከከተማዋ አጠገብ ደግሞ ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ ያሉት የጃርት ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርምር ያስተዋወቁት ቄሱ ሊቅ ቴያር ደ ሻርዳንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ናቸው። ደ ሞንፍሬድ ያው የእኛው የኦቦክ ሰው ነው፤ ንግዱ ምን እንደነበር ዛሬ በበዓል ባላነሣው ይሻላል። ከዚያ ዋሻ ከ4 ሺህ በላይ የቀይ አፈር ቁራጭ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ሲመዘን 40 ኪሎ ያህል፣ ዕድሜው ደግሞ ወደ 40 ሺህ ዓመት ነው። ግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች እጅግ ይቀድማል። ቅላቱን ያገኘው ከብረት ዝገት ነው። ለበር የምሸጥላችሁን ቀዩን አንቲረስት የሚያቀላውም ያው ነገር ነው።

ታዲያ ሥዕሉ እስከ ዛሬ የቆየው ዝናብ ስላልደረሰበት፣ ፀሐይ በቀጥታ ስላልመታው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ስላልነካካው ነው። የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ፎቶው ደመቅ እንዲል ውኃ የሚረጭበት ሰው አለ። ውኃው ሲደርቅ ጨውና ኖራ ትቶ ሥዕሉን ይሸፍነዋል። በከሰል ስሙን የሚጽፍ፣ ከሥሩ እሳት አንድዶ በጭስ የሚያጠቁረውም አለ። በፈረንሳይ አገር የላስኮ ዋሻን የጎዳው የጎብኚ ትንፋሽ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ተዘጋ። የእኛውን ለመጠበቅም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያበላሸ እንደሚቀጣ ደንግጓል፤ ነገር ግን በየገደሉ ሥር ፖሊስ አይቆምም።

የምንኖርባት ጅቡቲም የራሷ አላት። በታጁራ ክልል በሚገኘው አቡርማ ጥቁሩ ዐለት ላይ በድንጋይ እየተቀጠቀጡ የተቀረጹ ቀጭኔዎች፣ ሰጎኖችና ከብቶች አሉ። በዚያ በረሃ ቀጭኔ! እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ለዓለም ቅርስነት በሚታጩት ጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሙቀቱ ሲበረታ ብዙዎቻችን ከነጋድ በባቡርም ይሁን በመኪና ልጆቻችንን ይዘን ወደ ድሬዳዋ እንወጣለን። ልጆቹ ቀፊራ ገበያን ያውቃሉ፤ ለገ ኦዳን ግን ያየ ስንቱ ነው? ማኅበራችን በሚቀጥለው የትምህርት ቤት ዕረፍት አንድ ሚኒባስ ተከራይቶ ወጣቶቹን ይውሰድልን። ከአካባቢው ሰው አስጎብኚ ይቀጠር፤ የሚከፈለው ገንዘብ ለሠፈሩም ይጠቅማል። ውኃ ለመጠጥ ብቻ ይያዝ። ከሰልና ማርከር ከመሳፈራቸው በፊት ከየኪሱ ይውጣ፤ የኔዎቹም ልጆች ይፈተሹ።

ኮሚቴው ከተስማማ የመኪናውን ኪራይ ግማሽ ሱቄ ይችላል። ሌላውን ግማሽ የምትችሉ ነጋዴዎች ዛሬ ማታ ሳትበተኑ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡልኝ።